የወይዘሮ ብርቅአየሁ ገመዳ አበባ የቀብር አበባ አልነበረም

(1942 – 2001 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ብርቅአየሁ ገመዳ አንድ ነገር ሰባት ገና ሙሉ በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል። የቀብር ኮሚቴው «የሕይወት ታሪክ ከትውልድ ነው የሚጀምረው» ብሏል። ልክ ነው፣ ትውልዱም ይደርሳል። እሳቸው ግን ከትውልዳቸው በፊት እንዲነገር የፈለጉት ይህ ስለነበረ እዚህም ይቅደም።

በፈረንጆች 2002 እዚህ ስቶክሆልም የማኅበራችን የገና በዓል ሲከበር፣ አዳራሹ ከጣሪያ እስከ ጠረጴዛ በሰው ሠራሽ አበባ አጊጦ ነበር። ነጩ የሊሊ አበባ ተገልብጦ ደወል ሆኗል። የቀዩ ጽጌረዳ ቅጠል ተነባብሮ የመልአክ ቀሚስ ሆኗል። አደይ የሚመስል ቢጫ አበባ ከጥድ ፍሬ ጋር ተጎንጉኖ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። የተጋበዙ አንዲት ስዊድናዊት እንግዳ ቆመው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና «ይህን የሠራችው የትኛዋ ናት? እጇን ልጨብጥ» አሉ። የማኅበሩ የሴቶች ክፍል ሊቀመንበር ወይዘሮ አክበረት ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። ተጨበጡ። በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ አበባም ተበረከተላቸው። ሠሪዋ ወይዘሮ ብርቅአየሁ በሩ አጠገብ የሰው ካፖርት ተሸክመው ቆመው ነበር፤ ካፖርቱን በአንድ ክንድ አድርገው እንደ ሰው ሁሉ አጨበጨቡ። ምን ያድርጉ? በበዓል ቀን ጸብ ያንሡ?

ወይዘሮ አክበረት ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። የሚነበበውም ፊት ለፊታቸው ነው። እሳቸው በሌሉበት ቢወራ ሐሜት ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ትውልዱ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ከአባታቸው ከአቶ ገመዳ ሂርጳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ወልደ ሰንበት ሚያዝያ 23 ቀን 1942 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ተወለዱ። አባታቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው እስከ ሦስተኛ ክፍል ተማሩ። እናታቸው ሲታመሙ ትምህርቱን ትተው ቤቱን ያዙ፤ ይህን የምትጽፈውን ታናሽ እህታቸውን ባዩሽንም በጀርባቸው አዝለው አሳደጉ። የቀረውን ንባብና ጽሕፈት በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ትልቅ ሴት ሆነው ነው የጨረሱት። ስማቸውን ሲጽፉ የመጨረሻዋን «ሁ» ጅራቷን ረዘም አድርገው ይስቧት ነበር።

በ1957 ዓ.ም.፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው፣ ከሠፈራቸው ቤተ ክርስቲያን በታች ባለ የሬሳ ሳጥንና የአበባ ጉንጉን ቤት ሥራ ገቡ። እዚያ ሃያ አምስት ዓመት ሠሩ። ይህንን ኮሚቴው «ባይጠቀስ ጥሩ ነው» ብሎ ነበር። ለምን አይጠቀስም? ሰርቀው ነው? ሽቦ አጥፈው፣ ወረቀት በሰም ነክረው፣ የጨርቅ አበባ ቆርጠው፣ የሰው አባትና የሰው እናት ባዶ ሳጥን ይዘው እንዳይሄዱ አድርገዋል። በዚያ ክፉ ዘመን፣ ለልጅ ማልቀስ በተከለከለበት ዓመት፣ በዘንቢል ከጎመን ሥር ተደብቃ የምትወጣ፣ መዳፍ የምታህል ጉንጉን እየሠሩ ለእናቶች በነጻ የሰጡ እሳቸው ናቸው። ስንቷ እናት ያቺን ትንሽ ጉንጉን ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣ አልቅሳለች! ይህ የሚያሳፍር ከሆነ የሚያኮራውን የሚያውቅ ይንገረን።

በ1974 ዓ.ም. ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ደምመላሽ አየለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ከብዙ ስለት በኋላ በ1978 ዓ.ም. አንዲት ልጃቸውን ሰሊናን ወለዱ። አቶ ደምመላሽ በሱዳን በኩል ወጥተው ስዊድን ከገቡ በኋላ፣ በፈረንጆች 1991 ወይዘሮ ብርቅአየሁ ልጃቸውን ይዘው ስቶክሆልም መጡ። ቋንቋ እየተማሩ ጎን ለጎን በአንድ ሆስፒታል የጽዳት ሥራ ያዙ። ማለዳ በመጀመሪያው ቱነልባና፣ ማለትም በምድር ውስጥ ባቡር፣ ሄደው፣ የሰው ደም አጥበው፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሱ ነበር። በዚያ ሆስፒታል አሥራ አራት ዓመት ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ አልዘገዩም።

የገናው አበባ ነገር የጀመረው ግን በፈረንጆች 2001 መጨረሻ፣ ቬሊንግቢ ሠፈር ወዳለው ቤታቸው በገቡበት ዓመት ነው። ስዊድኖች ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች፣ አድቬንት በሚሉት ጊዜ፣ በራቸው ላይ ጉንጉን ይሰቅላሉ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ራሳቸው በመጡበት በመጀመሪያው ዓመት የፎቁን በሮች ሁሉ አይተው «በዚህ ቤት ምን ወረርሽኝ ገባ?» ብለው ነበር። ነገሩ የደስታ መሆኑን ሲያውቁ ግን ደነቃቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለሙታን የሠሩት ሥራ እዚህ አገር በደጅ ለሚገባ ሰው ሰላምታ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ የራሳቸው ደጅ እንደተገኘ ከሎፒስ፣ ማለትም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ አንድ ከረጢት የጨርቅ አበባ አምጥተው፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ ክብ አድርገው፣ ያማረ ጉንጉን ሠርተው ቅዳሜ ማታ በራቸው ላይ ሰቀሉ።

ያንን ጉንጉን ያየ ሐበሻ ምን ያስባል? አንድ ወዳጃቸው ዕቃ ሊያደርስ መጥቶ አየው፤ ደነገጠና ሳያንኳኳ ተመለሰ። ስልክ ለስልክ ተባለ። እሑድ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ አሥራ ሁለት ሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ከነወይዘሮ አክበረት በሩ ላይ ቆሙ። አቶ ደምመላሽ በሌሊት ልብሳቸው ከፈቱ። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያዩ መርዶ መሆኑን አልተጠራጠሩም፤ አዲስ አበባ ያሉ የሰማንያ ሁለት ዓመት እናት ነበሯቸውና «እናቴን!» ብለው መሬት ላይ ተዘረጉ። እሳቸው ሲጮሁ የመጡትም ጮኹ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ጩኸቱን ሰምተው ከመኝታ ቤት ወጡና «አማቴን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሩብ ሰዓት ተለቀሰ። በመጨረሻ ጡረተኛው አቶ ኃይለ ልዑል መነጽራቸውን ጠራርገው፣

«ለመሆኑ ደምመላሽ፣ ማነው የሞተው?» አሉ።

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ የምታረዱኝ?»

«እኛማ አበባውን አይተን ነው!»

አዲስ አበባ ተደወለ። እናትየዋ ራሳቸው ስልኩን አንሥተው «በጠዋት ምን ሆናችሁ ነው የምትቀሰቅሱኝ?» ብለው ተቆጡ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሁሉ ቁርስ በልቶ፣ እየተጎሻሸመ ሄደ። ወይዘሮ ብርቅአየሁም ደስ ብሏቸው፣ ምንም ሳይጠረጥሩ፣ «ሃያ አምስት ዓመት የሠራሁት ሥራዬ እኮ ነው፣ እጄ ለምዶብኝ» ብለው ስለ ጉንጉን ቤቱ አጫወቱ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ወይዘሮ አክበረት በሩ ላይ ቆመው፣ «ሰው ደጃፉ ላይ የቀብር አበባ ይሰቅላል?» አሉ። ያ ስም ተለጠፈ። ከዚያ ወዲያ በማኅበሩ ውስጥ ወይዘሮ ብርቅአየሁ «የቀብር አበባዋ» ተባሉ።

ይህን ያሉት ሴትዮ በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወሉ። «ያቺ ነገርሽ ዐይን ትስባለች፤ ለገናው አዳራሹን ብታሰማምሪልን። የማኅበሩ ሴቶች ሥራ ነው እንላለን፣ እሺ?» አሉ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ የማኅበሩ ሴቶች የሚመጡ መስሏቸው ሃያ ወንበር አሰናዱ። ከሃያው ባዩሽ ብቻ መጣች፤ እሷም እህት ስለሆነች ነው።

ሥራው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሱቆች የበጋው ወራት ሲያልቅ የሚጥሉት፣ ሎፒስ ላይ በከረጢት የሚሸጠው አበባ አቧራ የጠጣ ነው። በመታጠቢያ ገንዳ በዕቃ ሳሙና ይታጠባል፣ በማሞቂያው ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከዚያ አበባው ይፈታል፤ ቅጠሉ ለብቻ፣ ግንዱ ለብቻ። የጨርቁ ቅጠል በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ በብረት ካውያ ይተኮሳል፤ ሙቀቱ ትንሽ ከበዛ ይሸበሸባልና እጅ ማወቅ አለበት። ጠርዙ ሰም ይቀባል። አቶ ደምመላሽ በፒንሳ ሽቦ ያጥፋሉ፣ እሳቸው በአረንጓዴ ክር ይጠቀልላሉ። አንዲት መልአክ አርባ ሁለት ቅጠል ትፈጃለች። ለአንድ ገና አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ በየቀኑ።

ይህ ሁሉ ሆኖ በበዓሉ መርሐ ግብር ወረቀት ላይ የሚጻፈው «ማስጌጫ፦ በወይዘሮ አክበረት አስተባባሪነት» ነው። በፈረንጆች 2004 የሠፈሩ ጋዜጣ ወይዘሮ አክበረትን ከነመልአኳ ፎቶ አንሥቶ አወጣ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ጋዜጣውን ቆርጠው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጡት። ልጃቸው ሰሊና፣ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው፣ ያን ቀን ተናዳ «ማማ፣ ለጋዜጣው እኔ እጽፍላቸዋለሁ፣ ያርሙት» አለቻቸው። እሳቸው፣ «ፈረንጅ ፊት ሐበሻን አላዋርድም። የቤታችንን ነገር በቤታችን» ብለው ከለከሏት። ዝም ያሉት በዚህ ነው እንጂ ፈርተው አልነበረም። ይህን የማያውቅ ሰው ዝምታቸውን እንደ ሞኝነት ቆጠረው።

በፈረንጆች 2006 አንድ ጊዜ ሞክረዋል። በካርቶን ላይ «ብርቅአየሁ ገመዳ ሠራችው» ብለው በእጃቸው ጽፈው አዳራሹ መግቢያ ላይ አቆሙ። እንግዳ ሳይገባ ካርቶኑ ተነሣ፤ ከቆሻሻው ጋር ተጣጥፎ ተገኘ። «ማስታወቂያ አስመሰልሽው እኮ» ተባሉ። የካርቶኑ መጠን ከአንድ ደብተር አይበልጥም ነበር። አንድ ደብተር የምታህል ቦታ ከዚያ ሁሉ አዳራሽ ለስማቸው አልተገኘችም!

ሰባተኛው ገና በፈረንጆች 2008 መጀመሪያ አለፈ። በሚያዝያ ሆዳቸውን ታመሙ፤ ሐኪሞቹ ካንሰር ነው፣ ርቆ ሄዷል አሉ። ወይዘሮ አክበረት ሊጠይቋቸው መጡ። እውነቱ ይነገር፤ ሾርባ ሠርተው፣ በሦስት አውቶቡስ ተሳፍረው፣ አራት ጊዜ መጥተዋል። በአራተኛው ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣

«ብርቄ፣ ምን ላምጣልሽ? የሚያምርሽ ምንድን ነው?» አሏቸው።

«ስሜን፣ እትዬ አክበረት።»

ወይዘሮ አክበረት የሾርባውን ዕቃ ክዳን ገጠሙ። «እኔ ስምሽን ያልጠራሁት ላንቺው ብዬ ነው። የሬሳ ሳጥን ቤት ሠራተኛ ናት፣ ገናችንን በለቅሶ ዕቃ ሞላችው እንዳይሉሽ» አሉ።

«ነበርኩ እኮ! ምን አጠፋሁ? የቀብር አበባ ያሉት ራስዎ አይደሉም?»

ወይዘሮ አክበረት የሾርባውን ዕቃ ይዘው ወጡ። ባዩሽ «በቃ፣ ተነፈስሽ፣ እርሺው» ብላ ነበር። እሳቸው ግን በማግሥቱ ከአልጋቸው ቀና ብለው «የማኅበሩን የአባላት ዝርዝር አምጡልኝ» አሉ። ዝርዝሩ ላይ ስድሳ ሁለት ቤት አለ።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዱን ቀን በሆስፒታል፣ አንዳንዱን በቤት፣ ስድሳ ሁለት የበር ጉንጉን ሠሩ። ባዩሽ አበባውን አጠበች፣ አቶ ደምመላሽ ሽቦ አጠፉ፤ ሰሊና ከሶደርማልም እስከ ቬሊንግቢ ያለውን ሎፒስ ሁሉ ዞራ ቢጫ አበባ ለቀመች። ክር መጠቅለሉን ግን ለማንም አልሰጡም። ጣታቸው ማበጥ ሲጀምር እንኳ ከመርፌው በፊት «ቆይ፣ ይቺን ልዝጋት» እያሉ ነርሶቹን ያስጠብቁ ነበር። በእያንዳንዱ ጉንጉን ላይ አንድ ነጭ የጨርቅ ቅጠል አለ። በዚያች ቅጠል ላይ፣ በማይለቅ ቀለም፣ በራሳቸው እጅ «ብርቅአየሁ ገመዳ ሠራችው» ብለው ጻፉ። የ«ሁ»ዋ ጅራት ረዝማለች።

ባዩሽ ቅጠሏን ከጀርባ ልትሰፋው ብላ «ከኋላ ብትሆን አይሻልም?» አለች።

«ከኋላማ ሰባት ዓመት ቆየሁ። ከፊት ስፊው።»

የመጨረሻው የወይዘሮ አክበረት ነበር። እሱን ለመሥራት አሥራ ሁለት ቀን ፈጁ። ሊሊው፣ ጽጌረዳው፣ ሦስት ዓይነት ጥድ፣ መሐል ላይ አርባ ሁለት ቅጠል የለበሰች መልአክ ያለችበት፣ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ባዩሽ ተቆጣች። «ለሳቸው ደግሞ? ያደረጉሽን ረሳሽው?» አለች። እሳቸው ጉንጉኑን ራቅ አድርገው እያዩ፣

«ለሳቸውማ የሚያምረውን። ደጃፋቸውን ያየ ሁሉ ማን ሠራው እያለ ይጠይቃቸው» አሉ።

ወይዘሮ ብርቅአየሁ ኅዳር 5 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ኖቬምበር 14 ቀን 2008፣ በአቦ ዕለት፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና እህታቸው አጠገባቸው እያሉ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሣጥናቸው ላይ የሚታየው ጉንጉን ከሱቅ የመጣ አይደለም። በፈረንጆች 2001 በራቸው ላይ ሰቅለውት አሥራ ሁለት ሰው ያስለቀሰው ነው። እኔ ላይ አድርጉት ብለው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። የሰባት ዓመት አቧራው ታጥቧል።

ከኋላቸው የቀሩት ባለቤታቸው አቶ ደምመላሽ አየለ፣ ልጃቸው ሰሊና ደምመላሽ፣ እህታቸው ባዩሽ ገመዳ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ያሉት፣ ዛሬም በጠዋት ሲቀሰቅሷቸው የሚቆጡት አማታቸው ናቸው። በእጃቸው ብዙዎችን በክብር የሸኙ ሴት ናቸውና፣ እግዚአብሔር እሳቸውንም በክብር ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናቱን አይንፈግ። አሜን።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ኮሚቴው ይህ ከቀብር በኋላ በግል ይነገር ብሎ ነበር፤ ሟች ግን በሰው ፊት ይነበብ ብለዋል፣ ስለዚህ ይነበባል። ስንወጣ በበሩ በስተቀኝ ስምንት ካርቶን ተደርድሯል። በየጉንጉኑ ላይ የየቤቱ ባለቤት ስም ተንጠልጥሏል። ሁሉም የየራሱን ይውሰድ። ከነገ ወዲያ እሑድ የመጀመሪያው አድቬንት ነው፤ በበር ላይ ይሰቀል። በሩ ላይ የቀብር አበባ አልሰቅልም የሚል ሰው ካለ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ይተወው፣ አቶ ደምመላሽ መልሰው ይወስዱታል።

የወይዘሮ አክበረት ከላይ ነው ያለው። እንዳይጨማደድ ባዩሽ ራሷ በእጃቸው ትሰጣቸዋለች።